በመከራና ነገን ባለማወቅ መካከል እግዚአብሔርን መታመን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ የምርመራ ውጤት የሚጠብቁ፣ ከቀብር የተመለሱ፣ ወይም ለዓመታት የለመኑት ነገር ያልተሰጣቸው አማኞች ናቸው። መልሶቹ በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ምዕራፍና ቁጥር የተጠቀሰውም አንባቢ ራሱ ገልጦ እንዲያይ ነው። ከዐውዱ ተነቅሎ የተወረወረ ጥቅስ በመከራ ቀን ያቆስላልና።

መከራ የደረሰብኝ እግዚአብሔር ስለተቆጣኝ ነው?

ይህ ጥያቄ ለኢየሱስም ቀርቦለታል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደ ሰው ሲያዩ ኃጢአት የሠራው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ጠየቁት (ዮሐንስ 9፥2)። ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ነበር የፈለጉት፤ እርሱ ግን ሁለቱንም አልተቀበለም። በሉቃስ 13 ደግሞ ሰዎች ጲላጦስ ስላስገደላቸው ገሊላውያን ወሬ ይዘው ሲመጡ፣ በሰሊሆም ግንብ ተንዶባቸው የሞቱትን 18 ሰዎች ራሱ አነሣላቸው። አንዱ በገዥ ጭካኔ የመጣ ሞት ነው፤ ሌላው ድንገተኛ አደጋ ነው። ሟቾቹ ከሌላው ሰው ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠይቆ በሁለቱም ላይ «አይደለም» አለ። ንግግሩንም ከሟቾቹ ላይ አንሥቶ ወደ ጠያቂዎቹ አዞረውና ስለ ራሳቸው ንስሐ ነገራቸው።

እርግጥ ነው፣ ከገዛ ሥራችን የሚመጣ መከራ አለ። ጠጥቶ መኪና የነዳ ሰው የደረሰበትን አደጋ ምክንያት ሰማይ ላይ መፈለግ አይኖርበትም። እንዲህ ላለው ሰው የንስሐ በር ክፍት ነው፤ የበደለውንም መካስ ይችላል። ነገር ግን ሕሊናችሁ ለይቶ የሚጠራው በደል ከሌለ፣ ሌሊት ሌሊት ያለፈ ሕይወታችሁን እየቆፈራችሁ ለመከራው የሚመጥን ኃጢአት አትፈልጉ። የኢዮብ ወዳጆች ሠላሳ ምዕራፍ ገደማ የፈጀ ክርክር ያደረጉት ይህንኑ ሲፈልጉ ነው፤ አላገኙም።

እግዚአብሔርን «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ኃጢአት ነው?

አይደለም። ከ150ው መዝሙራት መካከል በቁጥር ከማንኛውም ዓይነት የሚበዙት የልቅሶና የአቤቱታ መዝሙሮች ናቸው። መዝሙር 13 ሲከፈት «እስከ መቼ?» ይላል፤ ይደግመዋል፤ ይሠልሰዋል። ዕንባቆም ትንቢቱን የጀመረው በዚሁ ጥያቄ ነው። ኤርምያስ የተወለደበትን ቀን ረግሟል (ኤርምያስ 20፥14)። እነዚህ ቃላት ማንም ሳይሰርዛቸው፣ በጉባኤ ፊት እየተነበቡና እየተዘመሩ እዚህ ደርሰዋል።

መዝሙር 88ን በተለይ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሌሎቹ የልቅሶ መዝሙሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ። ይህኛው አይዞርም፤ ሲያልቅም ጨለማ ውስጥ ነው። ሆኖም ዘማሪው ይህን ሁሉ ምሬት የሚያፈስሰው «የመድኃኒቴ አምላክ» ብሎ በጠራው ፊት ነው፤ ማለዳም ተመልሶ ይመጣል። ማታ ጮኾ መልስ ያላገኘ ሰው ጠዋት በዚያው ደጅ ላይ ሲገኝ፣ ያ እምነት ካልተባለ ምን እምነት ሊባል እንደሚችል አይገባኝም።

የኢዮብም ነገር እንዲሁ ነው። ሦስቱ ወዳጆቹ የሚናገሩት ሲሰማ ከእርሱ ይልቅ ጨዋና መንፈሳዊ ነው፤ የኢዮብ ንግግር ግን አንዳንዴ ያስደነግጣል። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በወዳጆቹ ላይ ነበር፤ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር ስለ እኔ አልተናገራችሁም አላቸው (ኢዮብ 42፥7)። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ብትፈትሹት ከሦስቱ አንዱ እንኳ ሲጸልይ አታገኙም። ስለ እግዚአብሔር ብዙ ያወራሉ። ኢዮብ ግን ከእነርሱ ጋር እየተከራከረ ሳለ ድንገት ፊቱን አዙሮ እግዚአብሔርን ራሱን ይሞግታል (ምዕራፍ 7 እና 10ን ተመልከቱ)። እግዚአብሔርም በተራው ኢዮብን በጥያቄ አፋጥጦታል፤ ኢዮብም ያላስተዋለውን እንደተናገረ አምኗል። ይህ ሁሉ የሆነው ግን ንግግሩ ስላልተቋረጠ ነው።

ታዲያ በምድረ በዳ ያጉረመረሙት እስራኤላውያን ለምን ተወቀሱ? መዝሙር 106፥25 በድንኳኖቻቸው ውስጥ አንጎራጎሩ ይላል። እርስ በርሳቸው ተማከሩ፣ አለቃ ሾመው ወደ ግብፅ ሊመለሱም ተነሡ (ዘኍልቍ 14፥4)። በቃላት ምሬት ከሆነ ኢዮብ ይበልጣቸዋል። እነርሱ ጀርባቸውን ሰጥተው ተናገሩ፤ እርሱ ፊት ለፊት ተናገረ።

ጸለይኩ፣ ጾምኩ፣ ሰውም ጸለየልኝ፤ ምንም አልተለወጠም። እግዚአብሔር አይሰማኝም ማለት ነው?

የሐዋርያት ሥራ 12ን ከመጀመሪያው ጀምሩት። ሲሰበክ የምንሰማው ብዙውን ጊዜ ጴጥሮስ ከወህኒ እንዴት እንደወጣ ነው፦ ሰንሰለቱ ከእጁ ወደቀ፣ የብረቱ በር በራሱ ተከፈተ፣ ሮዴ የምትባለው ልጅ ድምፁን ስትሰማ ከደስታዋ ብዛት በሩን ሳትከፍትለት ወደ ውስጥ ሮጠች። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቁጥር 2 ላይ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች፤ ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው ትላለች። ንጉሡ ያው ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ያችው ናት። ሉቃስ አንዱ ለምን እንደሞተ ሌላው ለምን እንደዳነ አንድ ቃል አልጻፈም። ለጴጥሮስ የጸለዩት ሰዎች በእምነት በልጠው ነው እንዳንል ደግሞ፣ ልጅቷ ጴጥሮስ በር ላይ ቆሟል ስትላቸው «አብደሻል» ነበር ያሏት።

በጌቴሴማኒ ኢየሱስ ጽዋው እንዲያልፍለት ሦስት ጊዜ ለመነ። ጽዋው አላለፈም። የዕብራውያን መልእክት ግን ስለዚያ ጩኸትና እንባ ሲናገር «ተሰማለት» ይላል (5፥7)። አብ ሰምቶታል፤ መስቀሉም አልቀረም፤ ከሙታን የመነሣቱ መልስ የመጣው ከመስቀሉ በኋላ ነው። በዚያ ጸሎት ውስጥ ልብ ልትሉት የሚገባ ቅደም ተከተል አለ። አስቀድሞ የሚፈልገውን በግልጽ ተናገረ፤ «አንተ እንደምትወድ ይሁን» ያለው ከዚያ ወዲያ ነው። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን እንዘልለዋለን። ላለማፈር ወይም ላለማዘን ስንል የልባችንን ደብቀን በቀጥታ «ፈቃድህ ይሁን» ላይ እንደርሳለን። እንዲህ ዓይነቱ ጸሎት ትሕትና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ብዙ ጊዜ ተስፋ መቁረጥ አለበት። የምትፈልጉትን ጠይቁ፤ ነገም ጠይቁ።

«እምነትህ ስላነሰ ነው ያልተፈወስከው» ተባልኩ። እውነት ነው?

ይህን የሚሉ ሰዎች የጳውሎስን የጉዞ ባልደረባ ጥሮፊሞስን ቢያገኙት ምን ይሉት ነበር? ጥሮፊሞስ በሚሊጢን ታሞ ሳለ ጳውሎስ ትቶት ሄዷል (2 ጢሞቴዎስ 4፥20)። ጢሞቴዎስንም ስለ ሆዱና ስለሚደጋገም ሕመሙ ጥቂት ወይን እንዲወስድ መክሮታል (1 ጢሞቴዎስ 5፥23)። ራሱም የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተብሏል (2 ቆሮንቶስ 12፥9)። ልብስ ከአካሉ ተወስዶ ድውያን ይፈወሱበት የነበረው ይኸው ጳውሎስ ነው (የሐዋርያት ሥራ 19፥12)።

እግዚአብሔር ይፈውሳል፤ ይህን የሚክድ ክርስቲያን የለም። ግን ዕብራውያን 11ን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ቁጥር 35 በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሴቶች ሙታናቸውን በትንሣኤ እንደተቀበሉ ይነግረንና ወዲያው ወደተደበደቡት፣ ከዚያም ወደታሰሩት፣ በድንጋይ ወደተወገሩት፣ በመጋዝ ወደተሰነጠቁት ይታጠፋል። ከዚያም ሁሉም በእምነታቸው ተመሰከረላቸው ይላል። «ሁሉም» ያለው ያመለጡትንም ያላመለጡትንም ነው።

በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ እምነትህ አንሶ ነው የሚል ሰው፣ በሕመሙ ላይ ጥፋተኝነት ጨምሮለት ይወጣል። ከዚህ የከፋ የማጽናኛ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ሐኪም ዘንድ መሄድና መድኃኒት መውሰድ አለመታመን ይሆናል?

አይሆንም። ሕዝቅያስ ታሞ ጸለየ፣ ጸሎቱም ተሰማ፣ 15 ዓመትም ተጨመረለት። ይህን መልእክት ያመጣለት ነቢዩ ኢሳይያስ ራሱ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲለጠፍበት አዘዘ (ኢሳይያስ 38፥21)። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። መጽሐፈ ሲራክን የሚቀበሉ ደግሞ ምዕራፍ 38 ላይ ሐኪምን አክብር የሚል ሰፊ ምክር ያገኛሉ። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ከሐኪሙ ጋር ሳትነጋገሩ አታቋርጡ፤ ማንም መንፈሳዊ ሰው ቢነግራችሁ እንኳ።

«ነገር ሁሉ ለበጎ ነው» ሲሉኝ እናደዳለሁ። ጥፋተኛ ነኝ?

ጥፋተኛ አይደላችሁም። ሮሜ 8፥28 የደረሰባችሁ ነገር በጎ ነው አይልም። በዚያው ምዕራፍ ፍጥረት ሁሉ ይቃትታል፤ ረሃብ፣ ራቁትነትና ሰይፍም በስማቸው ተጠርተዋል። ጳውሎስ የሚለው ከእነዚህም ውስጥ ቢሆን እግዚአብሔር ለሚወዱት በጎ ነገር ያወጣል ነው።

ዮሴፍ ለወንድሞቹ ክፉ ነገርን አሰባችሁብኝ፣ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው ያላቸውን (ዘፍጥረት 50፥20) መቼ እንደተናገረው አስሉት። ሲሸጥ 17 ዓመቱ ነበር፤ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30። ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አለፉ፣ ከረሃቡም ሁለት ዓመት፤ ከዚያ ያዕቆብ ወደ ግብፅ ወርዶ 17 ዓመት ኖረ። ዮሴፍ ይህን የተናገረው አባቱ ከሞተ በኋላ ነው። እንግዲህ ከተሸጠ 39 ዓመት ገደማ ሆኖታል ማለት ነው። ጉድጓድ ውስጥ ሳለ ግን ስለ በጎ ነገር አልሰበከም። ወንድሞቹ ከብዙ ዘመን በኋላ ያንን ቀን ሲያስታውሱ ነፍሱ ተጨንቃ ሲማጸነን አይተን አልሰማነውም ይላሉ (ዘፍጥረት 42፥21)። በኋላም ቢሆን ክፉውን ክፉ ብሎ ነው የጠራው፤ «ለመልካም» የሚለውንም የተጎዳው እርሱ ራሱ ተናገረው እንጂ ከጉድጓዱ አፍ ቆሞ ማንም አልነገረውም።

«እግዚአብሔር ከአቅም በላይ አይሰጥም» ይባላል። እኔ ግን ከአቅሜ በላይ ሆኖብኛል።

አባባሉ የመጣው ከ1 ቆሮንቶስ 10፥13 ነው፤ ያ ክፍል ስለ ጣዖትና ስለ ኃጢአት ፈተና የሚናገር ነው። ስለ መከራ ሲጽፍ ያው ጳውሎስ በእስያ የደረሰብን ስለ ሕይወታችን እንኳ ተስፋ እስክንቆርጥ ድረስ ከዓቅማችን በላይ ከበደን ይላል (2 ቆሮንቶስ 1፥8)። «አልቻልኩም» ብላችሁ መናገር ትችላላችሁ። ሐዋርያውም ብሏል፤ ጽፎም ልኮታል።

ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ጭንቀቱ እንቅልፍ ነሥቶኛል። መታመን በተግባር እንዴት ነው?

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሚታመኑ ሰዎች ስለ ነገ የሚያውቁት ነገር በጣም ጥቂት ነው። አብርሃም ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ወጣ (ዕብራውያን 11፥8)። ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፣ ይስሐቅ ሲወለድ 100። በእነዚያ 25 ዓመታት መካከል ፈርቶ ሚስቱን እኅቴ ናት ብሏል፤ በአጋርም በኩል የተስፋውን ልጅ ራሱ ሊያመጣው ሞክሯል። የእምነት አባት የተባለው ይህ ሰው ነው። እናንተም በመጠበቅ መካከል ብትደናገጡ ከመንገዱ ወጥታችኋል ማለት አይደለም።

መናው የሚወርደው ለየዕለቱ ነበር። ለነገ ብሎ ያስተረፈ ሰው ጠዋት ትል አፍርቶና ሸትቶ አገኘው (ዘጸአት 16፥20)፤ ከሰንበት ዋዜማ በቀር። የ40 ዓመት ስንቅ በአንድ ጊዜ የተሰጠው ማንም የለም። ስለዚህ «ውጤቱ መጥፎ ቢሆን እንዴት እችለዋለሁ?» ብላችሁ ስትጠይቁ፣ ለዚያ ቀን የሚሆነው ጸጋ ዛሬ በእጃችሁ አለመኖሩ ሊያስደነግጣችሁ አይገባም። ገና ያ ቀን አልደረሰምና።

ይህ ግን ማቀድን አይከለክልም። ዮሴፍ ሰባት ዓመት ሙሉ እህል አከማችቷል። ዛሬ የሚወሰን ነገር ካለ ዛሬ ወስኑ፤ የሚጠራ ሰው ካለ ጥሩ፤ የሚሞላ ቅጽ ካለ ሙሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው፣ ማለትም በእጃችሁ የሌለው ክፍል፣ የጸሎት ድርሻ ነው። ማታ ላይ ሁለቱን በወረቀት ለያይቶ መጻፍ ብዙ ሰዎችን ይረዳል፤ በግራ በኩል ነገ የማደርገው፣ በቀኝ በኩል ለእግዚአብሔር የምተወው። በቀኝ በኩል ያለው ነገር በማግሥቱም እዚያው ይገኝ ይሆናል፤ እንደገና ጻፉት።

ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ሰዎች ከላከው ደብዳቤ ኤርምያስ 29፥11ን የማያውቅ የለም፤ «ፍጻሜና ተስፋ» የሚለውን። ከእርሱ በፊት ያለውን ቁጥር የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ቁጥር 10 ተስፋው የሚፈጸመው 70 ዓመት ሲሞላ ነው ይላል። ደብዳቤው ሲነበብላቸው ትልልቅ ሰዎች የነበሩት ምርኮኞች አብዛኞቹ ያንን ቀን አያዩትም። እስከዚያ ምን እንዲያደርጉ ታዘዙ? ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ተጋቡ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ። እነዚያ ሰዎች ተስፋውን የያዙት ለልጅ ልጆቻቸው በሚሆን መሬት ላይ እየቆፈሩ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በጭንቀት ጊዜ ነገን የሚነግር ሰው ፍለጋ የሚዞሩ አሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው። ምሥጢሩ ለአምላካችን ለእግዚአብሔር ነው ይላል ዘዳግም 29፥29። ትንቢት ነው ተብሎ ለተነገራችሁ ሁሉ፣ ገንዘብ ለተጠየቃችሁበት ደግሞ በተለይ፣ ሕይወታችሁን አትስጡ።

የሚደበድበኝን ሰው ችዬ መኖር መስቀሌን መሸከም ነው ተባልኩ።

ሳኦል ጦር በወረወረበት ጊዜ ዳዊት ዘወር አለ፤ በኋላም በመስኮት ወርዶ አመለጠ። ሳኦልን ሊገድል ሲችል አልገደለውም፤ ሳኦልም «በድያለሁ፤ ተመለስ» ብሎታል። ዳዊት ግን መንገዱን ሄደ (1 ሳሙኤል 26፥21-25)። ልቡ አልተበቀለም፤ ወደ ጦሩ መወርወሪያ ግን አልተመለሰም። ጳውሎስ ከደማስቆ በቅርጫት ወርዶ አምልጧል፣ ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜም ሮማዊ ዜግነቱን ጠርቶ ሕግ እንዲከበርለት አድርጓል። ኢየሱስ ራሱ በአንዲት ከተማ መከራ ሲያዩባችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ ብሏል (ማቴዎስ 10፥23)። ከጥቃት መሸሽ፣ ለሕግ ማመልከትና የሚያስጠልል ሰው መፈለግ መስቀልን መጣል አይደለም።

መጸለይ አልቻልኩም። እውነቱን ለመናገር መኖርም ሰልችቶኛል።

ኤልያስ እሳት ከሰማይ ባወረደ ሰሞን ምድረ በዳ ገብቶ በአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠና «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» አለ (1 ነገሥት 19)። እግዚአብሔር ምን እንዳደረገለት ተመልከቱ። ተኛ። መልአክ ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው፤ በራስጌው የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ እንደገና ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ ቀሰቀሰው፤ አሁንም አልገሠጸውም፤ የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ብላ አለው። እንቅልፍና ምግብ፣ እንደገና እንቅልፍና ምግብ። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከ40 ቀን ጉዞ በኋላ በኮሬብ ነው።

ስለዚህ መጸለይ ሲያቅታችሁ አስቀድማችሁ ብሉ፣ ተኙ። ቃል ሲጠፋባችሁ የሌላውን ቃል ተዋሱ፤ አባታችን ሆይ ይበቃል፤ አንዲት የመዝሙር ቁጥርም ትበቃለች። ሮሜ 8፥26 እንዴት እንድንጸልይ በማናውቅበት ጊዜ መንፈስ በማይነገር መቃተት ይማልድልናል ይላል። ያም ካልሆነላችሁ ሌላ ሰው ይጸልይላችሁ። ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው በጣራ ባወረዱት ጊዜ ኢየሱስ ያየው የእነርሱን እምነት ነበር (ማርቆስ 2፥5)።

ሕይወታችሁን ለማጥፋት እያሰባችሁ ከሆነ ግን ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁሙና አሁኑኑ ለአንድ ሰው ንገሩ፤ ለቤተሰብ፣ ለወዳጅ፣ ለንስሐ አባት ወይም ለመጋቢ። ብቻችሁን አትሁኑ። ከዚያም ወደ ሐኪም ሂዱ። ይህ ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚታከም ሕመም ምልክት ነው፤ ለኤልያስም መጀመሪያ የተደረገለት የሥጋ እንክብካቤ ነው።

እየተጠራጠርኩ ነው። ከእምነት ወጣሁ ማለት ነው?

መጥምቁ ዮሐንስ ኢየሱስን በዮርዳኖስ ያጠመቀ፣ «እነሆ የእግዚአብሔር በግ» ያለ ሰው ነው። ወህኒ ሲገባ «የሚመጣው አንተ ነህን? ወይስ ሌላ እንጠብቅ?» ብሎ ላከ (ማቴዎስ 11፥3)። ኢየሱስ መልእክተኞቹን ያዩትንና የሰሙትን ይዘው እንዲመለሱ አደረገ፤ እነርሱ ሲሄዱ ደግሞ በሕዝቡ ፊት ዮሐንስን ከሴቶች ከተወለዱት ሁሉ የሚበልጠው የለም ብሎ አመሰገነው። ዮሐንስም ጥርጣሬውን ይዞ ለብቻው አልተቀመጠም፤ ወደሚመለከተው ላከው። የታመመ ልጅ ይዞ የመጣው አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ያለው ጸሎትም (ማርቆስ 9፥24) ልጁን ከማስፈወስ አላገደውም።

በሐዘን ማልቀስ ተስፋ ማጣት ነው? በመከራስ ውስጥ የግድ ማመስገን አለብኝ?

ኢየሱስ አልዓዛርን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ (ዮሐንስ 11፥35)። ማርታም ማርያምም የተቀበሉት በአንድ ዓይነት ወቀሳ ነበር፤ «አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር»። ስለ ንግግራቸው አልገሠጻቸውም። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ አትዘኑ ብሎ አላቆመም፤ ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች አትዘኑ አለ። ሐዘኑ ይኖራል።

ስለ ምስጋና የቍስጥንጥንያውን ሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ አፈወርቅን ማስታወስ ይበቃል። በ404 (እ.ኤ.አ.) ከቍስጥንጥንያ ተሰደደ፣ በ407 በግዞት መንገድ ላይ ሞተ። የመጨረሻ ቃሉ ስለ ሁሉም ነገር ለእግዚአብሔር ክብር ይሁን የሚል እንደነበር ትውፊት ይናገራል። ሁላችንም ይህን እንጠቅሳለን። ከግዞት ሆኖ ለዲያቆናዊቷ ኦሎምፒያስ የጻፋቸው 17 ደብዳቤዎች ግን በብርድ፣ በትኩሳት፣ በሆድ ሕመምና በወንበዴ ፍርሃት ምሬት የተሞሉ ናቸው። ያመሰገነውም ያማረረውም አንድ ሰው ነው።

መከራ ላይ ላለ ወዳጄ ምን ልበለው?

የኢዮብ ወዳጆች መጀመሪያ ሲመጡ ልብሳቸውን ቀደዱ፣ አብረውት መሬት ላይ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ተቀመጡ፣ አንድ ቃልም አልተናገሩም። በዚያ አበቃ ቢባል ኖሮ ስማቸው እስከ ዛሬ በመልካም ይነሣ ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ ማስረዳት ጀመሩ።

«ቢያንስ» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር አትናገሩ። «የምትፈልገው ነገር ካለ ንገረኝ» ከማለትም የሚሠራውን ሥራ አይታችሁ ሥሩት፤ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጡ፣ ሐኪም ቤት አብራችሁ ወረፋ ጠብቁ። የሞተውን ሰው ስም ለመጥራት አትፍሩ፤ ሐዘንተኛው የሚፈራው ስሙ እንዳይረሳ ነው። ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል። እናንተ በሦስተኛው ወር ሂዱ።

ምክንያቱን አንድ ቀን አውቀው ይሆን?

በዚህ ዕድሜ ላታውቁት ትችላላችሁ። የኢዮብ መጽሐፍ አንባቢ ምዕራፍ 1 እና 2 ላይ በሰማይ የሆነውን ያያል፤ ለኢዮብ ግን እስከ መጨረሻው አልተነገረውም። እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሲናገረው ስለ ምድር መሠረት፣ ስለ በረዶ መዛግብት፣ ስለ ዋልያ መውለጃ ጊዜ ጠየቀው እንጂ ስለ ልጆቹ ሞት ምክንያት አልሰጠውም። ኢዮብ ግን ረክቶ ተመለሰ፤ በጆሮ መስማት ሰምቼ ነበር፣ አሁን ግን ዓይኔ አየችህ አለ። የፈለገው ማብራሪያ ነበር፤ ያገኘው እርሱን ራሱን ነው።

በመጨረሻው ምዕራፍ ከብቶቹ እጥፍ ሆነው ተመለሱለት፤ 7,000 የነበሩት በጎች 14,000 ሆኑ። ልጆቹ ግን እንደ ቀድሞው ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ቁጥሩ አልተጨመረም። የጥንት አንባቢዎች ይህን ሲያዩ የመጀመሪያዎቹ አሥር በእግዚአብሔር ዘንድ ስላልጠፉ ነው ብለዋል። ሌላም ሊባል ይችል ይሆናል። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ አላገኘሁም።

ከየት ጀምሬ ላንብብ?

አቅም ከሌላችሁ መዝሙር 13 በቂ ነው፤ ስድስት ቁጥር ብቻ ነው። ትንሽ ስትበረቱ የማርቆስ ወንጌል 14ን፣ ሰቆቃወ ኤርምያስ 3ን፣ ከዚያም ኢዮብ 38ን ጨምሩ። ሰቆቃወ ኤርምያስ 3 ላይ ምሕረቱ ማለዳ ማለዳ አዲስ እንደሆነ የሚናገረውን ቁጥር ብቻ ቆርጣችሁ አትውሰዱ፤ በፊቱ ያሉትን ሃያ ቁጥሮች አብራችሁ አንብቡ። ድምፅ አውጥታችሁ ብታነቡ ይሻላል። የግእዙ የመዝሙረ ዳዊት አቆጣጠር በብዙው ክፍል በአንድ ስለሚያንስ፣ በእርሱ የምትጠቀሙ ከሆነ መዝሙር 13ን 12 ላይ፣ 88ን ደግሞ 87 ላይ ታገኙታላችሁ።